ቁጥር 20 ከጊት ውስጥ እንዴት ወጣ?

እስቲ ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና አካባቢ ያለ አንድ ቤት አስቡ። ውሃ የሚቀዳው በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ መደርደሪያውም ጋሪውም የተሠራው በጀሪካኑ ልክ ነው። ነገ «ተለቅ ባለ ዕቃ ቀይሩት» ብትባሉ የሚያስቸግራችሁ ዕቃውን መግዛት ሳይሆን በልኩ የተሠራውን ሁሉ መለወጥ ነው። ጊትም የገጠመው ይኸው ነው።

ጊት በፕሮግራም ኮድ ላይ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ሲጀምረው፣ ጊት ለሚያስቀምጠው ለእያንዳንዱ ነገር «ሻ-1» በሚባል ስሌት መለያ እንዲወጣለት አደረገ። የመለያው ርዝመት 20 ባይት ነው። ታዲያ «20» በኮዱ ውስጥ በየቦታው ተጻፈ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ብሪያን ካርልሰን የተባለ ፕሮግራመር ለመለያው ራሱን የቻለ መያዣ አዘጋጀ። ከዚያ በየቦታው የተበተነውን በዚህ መያዣ የሚተኩ ትንንሽ ለውጦችን ለግምገማ መላክ ያዘ። ለተጠቃሚው አንድም ነገር አልተቀየረም። የውጭ ባሕርይን ሳይነኩ ውስጡን ማስተካከል ሪፋክተሪንግ ይባላል።

ምንም የማይቀይር ለውጥ ምኑ ይገመገማል? በእርግጥ ምንም አለመቀየሩ ነዋ! ገምጋሚ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ነባሮቹ ፈተናዎች አሁንም ያልፋሉ ወይ? ሁለተኛ፣ ለውጡ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሠራው? ማስተካከያና አዲስ ባሕርይ ከተቀላቀሉ ስህተት በመሀል ይደበቃል። ሦስተኛ፣ ይህ «20» የመለያው ርዝመት ነው ወይስ በአጋጣሚ የተመሳሰለ ሌላ ቁጥር? ይህን ኮምፒውተሩ አይነግራችሁም፤ አንብቦ መረዳት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 ደግሞ የጉግልና በአምስተርዳም የሚገኘው የሲደብሊውአይ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት የሻ-1 ውጤት የሚሰጡ ሁለት የተለያዩ ፋይሎችን አሳዩ። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ መለያ ከተመሳሰለ መጥፎ ኮድ በጥሩው ስም ሊገባ ይችላል። ጊት 32 ባይት ወዳለው ሻ-256 ማምራት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 የወጣው ጊት 2.29 ይህንኑ ለሙከራ ይዞ መጣ።

መንገዱ ግን አደጋው ከመታየቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ተጀምሮ ነበር፤ ያውም ማንም ተጠቃሚ ልብ በማይላቸው፣ አንድ በአንድ በተነበቡ ትንንሽ ለውጦች። ጓደኛችሁ «ትንሽ ናት፣ ዝም ብለህ አጽድቃት» ሲላችሁ፣ እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ።