ፈቃድ አይዛወርም

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ከአንድ የሐበሻ ቡና ቤት በር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈች ማስታወቂያ አየሁ፦ «የኢኤምቲ ላይሰንስ ዝውውር እናስፈጽማለን»። አብሮኝ የነበረው የወንድሜ ልጅ ኮሎራዶ ውስጥ በኢኤምቲነት፣ ማለትም በድንገተኛ ሕክምና ባለሙያነት፣ አምቡላንስ ላይ ሲሠራ ቆይቶ ገና መምጣቱ ነው። ቆም ብሎ አነበባትና «ጋሼ፣ እንግዲህ የኮሎራዶው ሊሰረዝብኝ ነው?» አለኝ።

ልጁ ቃሉን እንደተጻፈው ነው የተረዳው። «ዝውውር» ከ«ዞረ» ወገን ነው። ከጎንደር ወደ ደሴ የተዛወረ መምህር ጎንደር ላይ ወንበሩ ባዶ ይቀራል። ደግሞ ዜና የሚሰማ ጆሮ «ዝውውር» ሲባል የሚጠብቀው የሰዎች ዝውውርን፣ የዕፅ ዝውውርን ነው፤ ፈቃድ እዚያ መሐል ሲገባ ኮንትሮባንድ ይመስላል። «ፈቃድ ማስተላለፍ» የሚሉም አሉ። እሱማ ጭራሽ ለሌላ ሰው መስጠት ነው፤ ቤትና መሬት ነው የሚተላለፈው።

እውነቱ ግን ምንም ከቦታው የሚነቃነቅ ነገር የለም። ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ላይ ያለውና በ1970 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢኤምቲዎች ብሔራዊ መዝገብ ፈትኖ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ አምቡላንስ ላይ እንድትሠራ የሚፈቅደው ግን ግዛቱ ነው። (ምስክር ወረቀትና ፈቃድ የተለያዩ መሆናቸውን ስንቱ ከመሥሪያ ቤት በር ሲመለስ ነው የሚያውቀው!) ወደ ሌላ ግዛት ስትሄድ አዲሱ ግዛት መዝገብህን ያያል፣ ስለ ቀድሞ ፈቃድህ ያጣራል፣ ከዚያ የራሱን አዲስ ፈቃድ ይሰጥሃል። የድሮው ጊዜው እስኪያልፍ እዚያው ነው። ይህን እንግሊዝኛው «ሪሲፕሮሲቲ» ይለዋል፤ ከላቲን የመጣ ነው፣ ወደ ኋላና ወደ ፊት መመላለስ።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? ዲፕሎማቶቻችን «አጸፋ» ይላሉ። ቃሉ ክቡር ነው፤ ግዕዙ «ዐጸፈ» አጠፈ፣ ደረበ ማለት ነው፤ «እጥፍ» እህቱ ናት። ዛሬ ግን አጸፋ ያለ «እርምጃ» አይሄድም። «የአጸፋ ፈቃድ» ቢባል ቨርጂኒያ ኮሎራዶን ልትበቀል የተነሣች ይመስላል። «አቻ» ደግሞ የዲግሪ ግምት ሆኖ ተይዟል። «ትውውቅ» ከ«ዕውቅና» ጋር ሥሩ አንድ ስለሆነ ለጊዜው ልቤን ወስዶት ነበር፤ ግን «በትውውቅ ገባ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። «ቅብብል»ንም ሞከርኩት። ሩጫ ነው፤ ይባስ ብሎ ጠመንጃም ይቀባበላል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው አማርኛ ለእርስ በርስ ነገር ድኻ ነው የሚሉ ስላሉ ነው። ድኻስ አይደለም። እንግሊዝኛ ላቲን ተበድሮ የሚለውን እኛ ግሡ ውስጥ እንሠራዋለን፦ ፊቱ ላይ «ተ» ጨምረን፣ መሐሉን ደግመን፣ ረዳ ተረዳዳ ይሆናል፤ ጠየቀ ተጠያየቀ። አመነ ደግሞ ተማመነ፤ ስሙም ትምምን።

የኔ ምርጫ «የፈቃድ ትምምን» ነው። ግዛቶቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፦ አንዱ የመዝገቡን ፈተናና የሌላውን ግዛት ፈቃድ ያምናል። አንድ ወዳጄ «ትምምን የልብ ነገር ነው፣ የቢሮ አይደለም» ብሎ ተከራከረኝ። «የመተማመኛ ድምፅ» የሚሰጠው ፓርላማ ውስጥ እኮ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢሮ ወዴት አለ? መተማመንም ሳያጣሩ መቀበል አይደለም፤ ባለሱቅም ዱቤ የሚሰጠው ጠይቆ ነው። አሥረኛዋ ግዛት ስትገባበት በ2017 እ.ኤ.አ. የጸናው የኢኤምቲ የግዛቶች ስምምነትም ያለ ሁለተኛ ፈቃድ ለአጭር ጊዜ ድንበር ተሻግሮ ለመሥራት ያስችላል፤ ኮሎራዶም ቨርጂኒያም አሉበት። ያ «ዝውውር» ሊባል ከቶ አይችልም፤ አዲስ ወረቀት እንኳ የለውማ።

ማስታወቂያዋን የለጠፋችሁ ወገኖቼ፣ ሥራችሁ መልካም ነው። «የኢኤምቲ ፈቃድ ትምምን ማመልከቻ እንሞላለን» ብላችሁ ጻፉልን፤ ቀዩንም ቀለም ቀይሩት።