አንድ ድልድይ፣ ሁለት ሰዓት፦ ከገዳሪፍ እስከ መተማ

ከሱዳኗ ገዳሪፍ ተነስቶ ድንበር ላይ ያለችው ጋላባት የደረሰ መንገደኛ ድልድዩን ተሻግሮ የኢትዮጵያዋ መተማ ዮሐንስ ሲገባ የእጅ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። የሱዳን ሰዓት ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ2፣ የኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ፀሐይ ደግሞ ከሁለቱም ጋር አትስማማም፤ መተማ ከምሥራቅ ኬንትሮስ 36 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ብላ ስለምትገኝ የራሷ የፀሐይ ሰዓት በ2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይቀድማል። ሰዓቱን የሚወስኑት መንግሥታት ናቸው፤ ሴኮንዱ ግን የሁሉም ነው። ከአገልግሎት በወጣ የጂፒኤስ መቀበያ ትክክለኛ ሰዓት ልሥራ የሚል ወጣት አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው ይህን ነው።

በዚህ ምድር ጊዜና ድንበር የተቆራኙት ከጥንት ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ውል ተፈራረሙ። በተከታዩ ዓመት ሻለቃ ቻርልስ ግዊን የኢትዮጵያ ተወካይ በሌለበት መስመሩን ምድር ላይ አመለከተ፤ ውዝግቡም እስከ ዛሬ አልበረደም። በዚያ ዘመን ኬንትሮስን መለካት ማለት ሰዓትን መለካት ማለት ነበር። ምድር በ4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ስለምትዞር፣ በመተማ አካባቢ የ1 ሴኮንድ ስህተት ቦታን 450 ሜትር ያህል ያዛንፋል። ባቡር እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰላ፣ በ1928 ገዳሪፍ ሲገባ ደግሞ የጋራ ሰዓት የነጋዴውና የተሳፋሪው ጉዳይ ሆነ።

ቀያሹ በብዙ ድካም ያገኘውን ሴኮንድ ዛሬ ሰማይ በነፃ ይሰጣል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች አቶሚክ ሰዓት ተሸክመው በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይዞራሉ። ሱዳንና ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች የተዘረጋው የሲዲኤምኤ የስልክ ኔትወርክ ማማዎቹን የሚያናብበው በዚህ ሰዓት ነበር። በዓለም ዙሪያ ኔትወርኮቹ ሲቀየሩ ከየማማው የተነቀሉት መቀበያዎች በርካሽ ለገበያ ወጡ። ከሁሉም የታወቀው የትሪምብል ኩባንያ ተንደርቦልት ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። አንቴናው ሰማይ በደንብ የሚታይበት ጣሪያ ላይ ይቀመጣል። ኃይሉ መሣሪያው የሚጠይቀው መሆን አለበት፤ ተንደርቦልት ፖዘቲቭ 5፣ ፖዘቲቭ 12 እና ኔጌቲቭ 12 ቮልት ይፈልጋል። መቀበያው የቆመበትን ቦታ ደጋግሞ ለክቶ ከያዘ በኋላ አንድ ሳተላይት ብቻ ቢያይም ሰዓቱን መጠበቅ ይችላል። ቀንና ሰዓቱን በጽሑፍ የሚልከው መልእክት ይዘገያል፤ ሴኮንዷ የምትጀምርበትን ቅጽበት በትክክል የሚናገረው በየሴኮንዱ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ምት ነው።

የሚያሳስቱ ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2017 ታይተዋል። በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን የጂፒኤስ ሰዓት ከዓለም አቀፉ ሰዓት የሚቀድምበት ልዩነት 18 ሴኮንድ ሆነ። ይህ ቁጥር የሚገኝበት የሳተላይት መልእክት የሚደገመው በየ12 ደቂቃ ተኩል ነውና አዲስ የተከፈተ መቀበያ እስኪያገኘው ሊሳሳት ይችላል። ጁላይ 30 ደግሞ ተንደርቦልት ቀኑን ዲሴምበር 14 ቀን 1997 ብሎ ማሳየት ጀመረ። ጂፒኤስ ሳምንታትን የሚቆጥረው ከዜሮ እስከ 1,023 ነው፤ ከዚያ እንደገና ከዜሮ ስለሚነሳ መቀበያው የትኛው ዙር እንደሆነ በራሱ መገመት አለበት። ምቱ አልተዛባም፤ መድኃኒቱም ቀኑን ከመቀበያው በሚያነበው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ 1,024 ሳምንት መደመር ነው። በኖቬምበር 1 ሱዳን ከጃንዋሪ 2000 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር የተጋራችውን ሰዓት ትታ ወደ ቀድሞው ተመለሰች። አንዱ የሴኮንድ፣ አንዱ የቀን፣ አንዱ የሰዓት ለውጥ ነው፤ ሳተላይት ሦስተኛውን አያውቀውም።

ስለዚህ በመሣሪያው ውስጥ ዓለም አቀፉን ሰዓት ሳይነኩ መያዝ፣ የአገሩን ልዩነት በማሳያው ላይ ብቻ መጨመር ይገባል። ለገዳሪፍ 2 ይደመራል። ለመተማ 3 ይደመራል፤ እንደ እኛ አቆጣጠር ለማሳየት ግን 3 ይቀነሳል። ዓለም አቀፉ ሰዓት 9 ሲል በመተማ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው።

ይህ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ጦርነት ላይ ባለችው ሱዳን አብዛኛው የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚወስድ ኮምፒውተር በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀስ በቀስ ይዛነፋል። የጂፒኤስ መቀበያ ግን ኤሌክትሪክና ክፍት ሰማይ ካገኘ ሌላ አይጠይቅም። የጎንደርና የገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲዎች በፊዚክስ ቤተ ሙከራቸው እንዲህ ያለ ሰዓት እንዲያቆሙ፣ ተማሪዎቻቸውም በገዛ እጃቸው እንዲሠሩት አደራ እላለሁ። የማማ ትርፍ ተብሎ የተጣለው መሣሪያ ዛሬም ለሁለቱ አገሮች ልጆች እኩል ትክክለኛ ሴኮንድ መስጠት ይችላል።