ጡረታ ምጽዋት አይደለም፦ የኬንያ መምህራን ታሪክ

ባለፈው ስለ ኬንያ ግብር ስጽፍ አንድ ወንድሜ «እኛ ስደተኛ ነን፤ የሰው አገር መንግሥት ገንዘብ ቢያባክን ምን አገባን?» ብሎኝ ነበር። ያገባናል። እዚህ ናይሮቢ ሳሙና በገዛን ቁጥር 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንከፍላለን። ዜግነት ባይኖረንም ግብር ከፋዮች ነን።

የዛሬውን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት ጡረታ ከወጡ ኬንያዊ ጎረቤቴ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ምዋሊሙ» ይላቸዋል፤ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። እኔም አስተማሪ ስለሆንኩ ቡና ስናፈላ አይቀሩም።

ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በኦክቶበር ወር መምህራን በመላ አገሪቱ ሥራ አቆሙ። ምርጫው ዲሴምበር ላይ ስለነበር የፕሬዚዳንት ሞይ መንግሥት ቶሎ ተስማማ፤ እስከ 200 በመቶ የሚደርስ የደመወዝ ጭማሪ በ5 ዓመት ተከፋፍሎ እንዲሰጥ ተፈረመ። የመጀመሪያው ዙር ተከፈለ፣ ምርጫውም አለፈ። በ1998 ግን «ገንዘብ የለም» ተባለ። መምህራኑ እንደገና ሥራ ቢያቆሙም የሰማቸው አልነበረም።

አሁን ሒሳቡን ልብ በሉ። በዚያ ዘመን በኬንያ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚሰላው የመጨረሻው ደመወዝ በአገልግሎት ወራት ተባዝቶ ለ480 ሲካፈል ነበር። 30 ዓመት ያስተማረ ሰው 360 ወር አለው፤ የደመወዙን ሦስት አራተኛ ያገኛል ማለት ነው። ለምሳሌ ደመወዙ 10,000 ሺሊንግ ከሆነ ጡረታው 7,500 ነው። ጭማሪው ተከፍሎት 20,000 ቢደርስ ኖሮ 15,000 ይሆን ነበር። በሥራ ዘመኑ የተከለከለው ጭማሪ እስከ መቃብር ይከተለዋል።

ከ1997 እስከ 2007 ጡረታ የወጡ ከ52,000 በላይ መምህራን በዚህ መንገድ ተጎዱ። ተሰባስበው ከሰሱ፤ በ2008 የናኩሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ገንዘቡ ግን ከፍርዱ ጋር አልመጣም። ይግባኝ፣ ቀጠሮ፣ «በጀት የለም»። ብዙዎቹ ድርሻቸውን ሳያዩ ተቀበሩ።

እነሱ ሲጠብቁ፣ በ2003 ፓርላማው ለተሰናባች ፕሬዚዳንቶች የጡረታ ሕግ አወጣ። በሥራ ላይ ያለው ፕሬዚዳንት ከሚያገኘው ደመወዝ 80 በመቶ በየወሩ፣ በዚያ ላይ መኪና፣ ቢሮና ሠራተኛ። ለዚህ ማንም ፍርድ ቤት መመላለስ አላስፈለገውም። ከፋዩ ደግሞ ያው ሕዝብ ነው።

ጁን 25 ቀን 2024 ወጣቶች በአዲሱ የግብር ረቂቅ ተቆጥተው ፓርላማ ሲገቡ ብዙዎቻችን ቤታችንን ቆልፈን ነበር የዋልነው። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን አልፈርምም አሉ። ያን ሰሞን ምዋሊሙን ስለ ወጣቶቹ ጠየቅኋቸው። «ልጆቹ ግብር ጠልተው አይደለም» አሉኝ፤ «አባቶቻቸው የከፈሉት የት እንደገባ አይተው ነው።»

አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቼ፣ አባቴን ጨምሮ፦ ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ መንግሥት 11 በመቶ ይጨምርበታል። ሁለቱም የላባችሁ ዋጋ ነው፤ ሳይከፈል የቆየ ደመወዝ። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤያችሁንና የደመወዝ ወረቀታችሁን አንድም አትጣሉ። ምዋሊሙ የእሳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ጋር ነው የሚያስቀምጡት።