ገንፎ፣ ከንከሴና ቀርከሃ፦ የዕለት ምግብ በአሶሳ ታሪክ ውስጥ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በተጻፈ ቁጥር የነገሥታት ግብር፣ የመኳንንት አዳራሽና የጦር ሜዳ ውሎ ብዙውን ገጽ ይይዛሉ። ሰፊው ሕዝብ በየዕለቱ የሚበላው ምግብ ግን ስፍራ ሳያገኝ ይቀራል። ይሁንና ሥርዓት ይወድቃል፣ ድንበር ይሠመራል፣ አስተዳደር ይለወጣል፤ ምድጃ ላይ የሚጣደው ድስት ግን ሁሉንም አሳልፎ ይቆያል። ይህ ጽሑፍ በአሶሳና በአካባቢዋ በአነስተኛ ወጪ የሚዘጋጁትን የዕለት ምግቦች ምስክርነት እየጠራ፣ የአንድ ምግብ መከበርም ሆነ መናቅ ከምግቡ ሳይሆን ከታሪክ የሚመነጭ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

የአካባቢው ማእድ መሠረቱ ማሽላ ነው። ቅርስ አጥኚዎች በምሥራቅ ሱዳን፣ በከሰላ አቅራቢያ በተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የማሽላ ገለባ አሻራ አግኝተው መርምረዋል፤ በዚህም የሰው ልጅ ከ5,000 ዓመት በፊት ማሽላን ማላመድ እንደ ጀመረ አረጋግጠዋል። ከዚያ ተነሥቶ እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚዘረጋው ቆላ የዚህ ጥንታዊ እርሻ አገር ነው። የበርታና የጉሙዝ እናቶች እህሉን በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫሉ፤ ዱቄቱን በሚፈላ ውኃ ላይ እየነሰነሱ በእንጨት ማማሰያ ያገነፋሉ። ገንፎው ሲጠና በቤተሰቡ መካከል ይቀርባል፤ ሁሉም በአንድነት ከበው በእጃቸው እየቆረሱ ከወጡ እያጠቀሱ ይበላሉ።

ወጡ አብዛኛውን ጊዜ ባሚያ ነው፤ በርታዎች ከንከሴ ይሉታል። በክረምት እርጥቡ ይበላል፤ የተረፈው ተከትፎ በፀሐይ ይደርቅና ለበጋ ይቀመጣል። ሲበስል የሚሰጠው ልግ የሚል ጭማቂ ደረቁን ገንፎ ያለ ቅቤ በቀላሉ ያወርደዋል። እንግዳ ሰው እንደ እንከን የሚያየው ይህ ጠባዩ ለባለቤቶቹ የምግቡ ዋና ጥቅም ነው።

የደጋው ማእድ በምጣድ ላይ ሲቆም የዚህ ቆላ ማእድ በድስት ላይ ይቆማል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በቤኒሻንጉል ጥናት ያካሄዱት ቪክቶር ፈርናንዴዝና አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ-ሩይባልን የመሳሰሉ ስፔናውያን ቅርስ አጥኚዎች ለቤቶችና ለሸክላ ዕቃዎች ትኩረት የሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ጽሑፍ ባልተወበት አገር የገንፎ ድስትና የጠላ ጋን የታሪክ መዝገብ ናቸውና።

ይህ ማእድ የቆየው በሰላም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ወርቅና ባሪያ ፍለጋ እስከ ፋዙግሊ ዘለቀ። ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዘመን የቀጠለው የባሪያ ፍንገላ ነዋሪውን ወደ ተራራና ወደ ገደል አስጠጋው። በ1890 ዓ.ም. በራስ መኰንን የተመራው የዐፄ ምኒልክ ጦር ቤኒሻንጉልን አስገበረ፤ የአሶሳው ገዥ ሼህ ሖጀሌ አል-ሐሰንም በወርቅ ግብር ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ተሳሰሩ። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የድንበር ውል ደግሞ የበርታን ሕዝብ ለሁለት ከፈለ። ወርቁ ከአገር እየወጣ ሲጓዝ፣ ከወንዝ አሸዋ እያጠበ ላወጣው ጭቁን የተረፈው ገንፎና ከንከሴ ነበር።

ወሰኑ ሕዝቡን ቢለይም ማእዱን ሊለይ አልቻለም። ከድንበሩ ማዶ አሲዳ የሚባለው ምግብ ከወዲህ ማዶ ካለው ገንፎ ጋር ወንድማማች ነው፤ ሱዳናውያን ወይካ የሚሉት የደረቀ ባሚያ ዱቄትም ያው ከንከሴ ነው። ለቁርስ የሚቀርበው ፉልም በነጋዴዎች እግር ከዓባይ ግርጌ ወደ ላይ የተጓዘ ምግብ ነው።

በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎና ከሌሎች ክፍላተ ሀገር የተነሡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች በአሶሳና በመተከል ሠፈሩ። የሠፈራው አፈጻጸም በሠፋሪውም በነባሩም ላይ ብዙ መከራ አስከትሏል። ሠፋሪው የምጣድና የእርሾ ዕውቀቱን ይዞ መጥቶ በቆላው ማሽላ እንጀራ ጋገረ። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አመለካከት ተገናኘ። በደጋው ገንፎ የአራስ ቤት ምግብ ነው፤ በዚህ አገር ግን የአዋቂና የሠራተኛ የዘወትር ምግብ ነው። ነባሩን ሕዝብ በንቀት ስም ይጠራ የነበረው የቀድሞው ሥርዓት ምግቡንም በዚያው ዓይን አይቶት ነበርና፣ ድስቱ ከምጣዱ በታች ተቆጠረ።

ንቀቱ ከሁሉ ይልቅ የጎላው በቀርከሃ ቡቃያ ላይ ነው። ከአገራችን የቆላ ቀርከሃ እጅግ ሰፊው ድርሻ የሚገኘው በዚህ ክልል ነው። ክረምት ሲገባ ሴቶች ከመሬት የሚወጣውን ለጋ ቡቃያ ይሰበስባሉ፤ ሽፋኑን ልጠው ይከትፉታል፤ ቀቅለውም የመጀመሪያውን ውኃ ይደፉታል። ጥሬው ቡቃያ መርዛማ ንጥረ ነገር አለበትና ይህ ድርጊት በልምድ የተገኘ ትክክለኛ ሳይንስ ነው። ወራቱ ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ ያልደረሰበት በመሆኑ፣ ቡቃያው የችግር ጊዜ ምግብ የሚል ስም ተለጥፎበታል።

ወደ ሩቅ ምሥራቅ ብንሻገር ይኸው ቡቃያ ሌላ ዕጣ ገጥሞት እናገኛለን። በኢንዶኔዥያ ረቡንግ ይባላል፤ በጃቫዋ የወደብ ከተማ በሰማራንግ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ ሉምፒያ በሚል ስም ይሸጣል። የቻይና ስደተኞችና የጃቫ ሰዎች ሙያ ተገናኝቶ የፈጠረው ይህ የመንገድ ዳር ምግብ ዛሬ የከተማይቱ መኩሪያ ነው። ተክሉ የአንድ ወገን፣ አዘገጃጀቱም ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ በአንዱ አገር መኩሪያ በሌላው መሸማቀቂያ የሆነው የጣዕም ልዩነት ስላለ አይደለም።

የኢንዶኔዥያ ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። ፕሬዚዳንት ሱካርኖ የደሴቶቹን ሁሉ የሕዝብ ምግብ የሚመዘግብ መጽሐፍ እንዲዘጋጅ አድርገው ነበር፤ ሙስቲካ ራሳ የተባለው ይህ ከ1,000 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1967 ታተመ። የመንደር ባልቴት ሙያ በመንግሥት መዝገብ ሰፈረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የሱሃርቶ መንግሥት ግን ሩዝን ከሁሉ አስቀደመ፤ የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ ጋር ሩዝ ይታደለው ነበር። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1984 በሩዝ ራሷን ቻለች። ድሉ እውነተኛ ቢሆንም በማሉኩና በፓፑዋ ከሳጎ የሚሠራው ገንፎ፣ በጃቫ ደረቅ ኮረብቶችም የካሳቫ ምግብ የድህነት ምልክት ሆነው ተቆጠሩ።

ሩዝ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በፎገራ ሜዳ ያስተዋወቁት ይህ ሰብል ጎርፍ የሚያስቸግረውን ማሳ ወደ ሲሳይ ለውጦታል፤ የፎገራ እናቶችም ዱቄቱን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ አድርገውታል። በመተከልም የፓዊ ምርምር ማዕከል ለአካባቢው የሚስማሙ የሩዝ ዝርያዎችን ሲፈትሽ ቆይቷል። አዲሱን ሰብል መቀበል ተገቢ ነው። ስሕተት የሚሆነው አዲሱ ሲገባ ነባሩን አሳፋሪ ማድረግ ነው። ሩዝ የፎገራን ማእድ ያበለጸገው በእናቶች ሙያ ከነባሩ ጋር ስለ ተዋሐደ እንጂ ነባሩን ስላባረረ አይደለም።

በክልሉ የቀርከሃው ደን በእሳትና በእርሻ መስፋፋት እየተጎዳ ነው፤ ተክሉም በዕድሜው ፍጻሜ በጅምላ አብቦ የሚደርቅ ነው። ቡቃያውን ያለ ልክ መልቀምም ደኑን ይጎዳል። ስለዚህ ከቁጥቋጦው የትኛው ተወስዶ የትኛው እንደሚተው የሚያውቁት ባልቴቶች የሚያልፉት ዕውቀታቸው ሳይመዘገብ ከሆነ፣ የሚጠፋው አንድ ወጥ ብቻ ሳይሆን ደኑን የመጠበቂያ ብልሃትም ጭምር ነው።

እንግዲህ ሥራው የማን ነው? መምህሩ ተማሪዎቹ ከየአያቶቻቸው የምግቡን ስም በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በማኦና በኮሞ ቋንቋዎች፣ ወራቱንና አዘገጃጀቱን ጠይቀው እንዲጽፉ ሊያደርግ ይችላል። ሠዓሊውና የቴአትር ባለሙያው የወፍጮ ድንጋዩንና የገንፎ ድስቱን ለበዓል ትርኢት ማጌጫ ሳይሆን የሥራ መሣሪያና የታሪክ ምስክር አድርገው ሊያሳዩ ይገባል። የባህል ካድሬውም በየስብሰባው ስለ ብሔረሰቦች እኩልነት ሲናገር፣ ከስብሰባው በኋላ በሚቀርበው ማእድ ላይ የትኛው ምግብ እንደሌለ ቢያስተውል፣ እኩልነቱ የት ድረስ እንደ ደረሰ በዚያ ይመዝነዋል።