ታየ እንጂ አልተወዳደረም

ስለ ቀደምት የፊልም ፌስቲቫሎች በተጻፉ ዝርዝሮች ላይ ደጋግሜ የማገኘው ስህተት አለ። በፌስቲቫሉ የታየው ፊልም ሁሉ እንደ ተወዳዳሪ ይቆጠራል፤ የተሸለመውም ዛሬ በምናውቀው የሽልማት ስም ይመዘገባል። ጉዳዩ የባለሙያውም የአገሩም ስም ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቬኒስ ፌስቲቫል ኦገስት 6 ቀን 1932 በሊዶ ደሴት፣ በኤክሴልሲየር ሆቴል ሰገነት ላይ ሲጀመር የመጀመሪያው ፊልም የሩበን ማሙሊያን «ዶክተር ጄኪል ኤንድ ሚስተር ሃይድ» ነበር። ያኔ ይፋዊ ውድድር አልነበረም። ተመልካቹ ድምፅ ሰጥቶ ሶቪየታዊውን ኒኮላይ ኤክን ምርጥ ዳይሬክተር አለ፤ በቃ። ውድድሩ የመጣው በ1934 በሙሶሊኒ ስም ከተሰየመው ዋንጫ ጋር ነው። እናም በ1932 «ቬኒስ ላይ ተወዳድሮ ተሸነፈ» የሚባል ፊልም ሊኖር አይችልም።

ይበልጥ የሚያደናግረው ካን ነው። የመጀመሪያው ፌስቲቫል ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ሊከፈት ታስቦ ነበር፤ ጀርመን ፖላንድን የወረረችው በዚያው ዕለት ነውና ሳይካሄድ ቀረ። «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» እና የሴሲል ቢ. ዴሚል «ዩኒየን ፓሲፊክ» የተመረጡት ለዚህ ላልተካሄደ ፌስቲቫል ነው። ይሁንና በ2002 በደራሲው ዣን ዶርሜሶን የሚመሩ ዳኞች ተሰብስበው የ1939ን ሽልማት ለ«ዩኒየን ፓሲፊክ» ሰጡ። ዓመተ ምህረቱን ብቻ የሚያይ ሰው ፊልሙ በጦርነቱ ዋዜማ ያሸነፈ ይመስለዋል። ሽልማቱ ግን 63 ዓመት ዘግይቶ የደረሰ ነው።

ፌስቲቫሉ በ1946 በእርግጥ ሲካሄድ ደግሞ ታላቁን ሽልማት፣ ግራንድ ፕሪን፣ 11 ፊልሞች ተጋሩት። የሮበርቶ ሮሴሊኒ «ሮም፣ ኦፕን ሲቲ» እና የህንዳዊው ቼታን አናንድ «ኒቻ ናጋር» ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሁለቱም «የወርቅ ዘንባባ» (ፓልም ዶር) አሸነፉ ተብሎ ሲጻፍ አያለሁ። ዘንባባው የተጀመረው በ1955 ነው። ይህን ማረም የህንድን ክብር አይቀንስም፤ የዚያ ዓመት ከፍተኛው ሽልማት ግራንድ ፕሪ ነበርና።

ወደ አህጉራችን ስንመጣም የዋጋዱጉው ፌስፓኮ በ1969 ሲጀመር ሽልማት አልነበረውም፤ የየኔንጋ ፈረስ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1972 ለኒጀሩ ኡማሩ ጋንዳ ነው።

ልማዱ የእኛንም ፊልሞች ይነካል። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1976 ካን ላይ የታየው ከዋናው ውድድር ውጭ፣ የፈረንሳይ ሐያስያን በሚያዘጋጁት «የሐያስያን ሳምንት» ነው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ወደ ይፋዊው ምርጫ ቢገባም «አን ሰርታን ርጋር» በተባለው ክፍል እንጂ ለዘንባባው አልቀረበም። «ጤዛ» ግን በ2008 ቬኒስ ላይ በዋናው ውድድር ቀርቦ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን ወስዷል፤ «ተወዳደረ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ በቦታው ነው።