የኮንራድ ዙዘ ዜና ሥራ

ለእጅ ጥበብን የሰጠ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ዜና በሐረር አጠገብ፥ በሶፊ ጻፍን፤ የጻፍነውም በእናት አባቱ ቤት ተቀምጦ ዕቃ ለሚፈታና ለሚገጥም ልጅ ሁሉ ነው።

ዙዘ በሰኔ 1902 ዓ.ም. በበርሊን ተወለደ፤ ተምሮም መሐንዲስ ሆነ። በአውሮፕላን ፋብሪካ ሲያገለግል አንዱን ስሌት ደጋግሞ ማስላት ዕድሜ እንደሚበላ አይቶ፥ በራሷ የምታሰላ መኪና ሊሠራ ሥራውን ተወ። ወላጆቹ ሳሎናቸውን ለቀቁለት፤ እህቱም ጓደኞቹም ካላቸው አዋጡለት። እንዲህ ያለ ቤተ ዘመድ የተባረከ ነው። የመጀመሪያይቱ መኪና ከቀጫጭን ብረት ተሠርታ በ1930 አለቀች፤ ሁልጊዜ ግን አልታዘዘችም።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ሪሌይ መለሰ። ሪሌይ ሽቦ የተጠመጠመበት ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ማግኔት ሆኖ ትንሿን የብረት ምላስ ይስባል፥ ሲቋረጥ ይለቃታል። ዙዘ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ 1፥ ሲቋረጥ 0 ብሎ ቆጠረ። ሪሌይ የስልክ ዕቃ ነው። ስልክን ሐረር ቀድማ ታውቀዋለች፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ ልዑል ራስ መኮንን ሐረርን ሲገዙ፥ እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘርግቷልና። ለሁለተኛይቱ መኪና 600 ያህል ያገለገሉ የስልክ ሪሌዮች ዋሉ።

በ1933 ዓ.ም.፥ በዘመነ ማቴዎስ፥ በመጋቢት ወር ሐረር ከፋሺስት እጅ ወጣች። ሚያዝያ 27 ቀን፥ ሰኞ፥ የራስ መኮንን ልጅ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ገቡ። በሳምንቱ ሰኞ፥ ግንቦት 4 ቀን፥ ዙዘ ሦስተኛይቱን መኪና በበርሊን በጥቂት ሊቃውንት ፊት አቆመ። 2,600 ያህል ሪሌዮች ነበሯት። 64 ቁጥሮችን በማኅደሯ ትይዛለች፤ እያንዳንዱም 22 የ0 እና የ1 ቦታ አለው። ትእዛዟን የምታነበው ከተበሳ የሲኒማ ፊልም ነው። ምላሶቹ ቀጭ ቀጭ እያሉ በሴኮንድ ከ5 እስከ 10 ጊዜ ትመታለች፤ አንድ ማባዛት 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅባታል። በፕሮግራም እየታዘዘች በራሷ የምታሰላ መኪና ሠርታ ስትታይ ይህች ቀዳሚይቱ ናት። ከአንድ ቤት ሳሎን የተነሣው ሥራ ከዚህ መድረሱ ታላቅ ነገር ነው።

የዚህችን መኪና ወጪ በከፊል የቻለው የጀርመን መንግሥት የአየር ምርምር ተቋም ነበር፤ ዘመኑም የጦርነት፥ ክፉ ዘመን ነበረ።

በታኅሣሥ 1936 ቦምብ ወርዶ መኪናይቱን አጠፋት። ዙዘ ኋላ በአምሳያዋ ሌላ አሠራ፤ ያቺ በሙኒክ ሙዚየም አለች። አራተኛይቱን መኪናውን ግን ከእሳቱ አወጣት፤ ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ከበርሊን ጭነው ወደ ባቫሪያ ተራሮች ወሰዷት። በ1942 ዙሪክ፥ የስዊስ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባች፤ በዚያም ሌሊቱን ጠባቂ ሳይኖርባት ብቻዋን ታሰላ ነበር።