ዋስ የሌለው ዋስትና

ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። የእናቴ ወንድም ተዝካር ደርሶ ወደ አምደወርቅ ጉዞ ጀመርኩ። ከአዲስ አበባ እስከ ሰቆጣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ መንገድ፣ ደሴን፣ ወልድያን፣ ኮረምን አልፋ መኪናዬ ምንም ሳትል መጣች። «መኪናዬ» ስል አፌን ሞልቼ ነበር። በባንክ ብድር የተገዛች፣ ገና ስምንት ወሯ፣ የወንበሯን ፕላስቲክ እንኳ ያልገፈፍኩላት አዲስ መኪና ናት።

ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ፣ ከተማው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ከመሪው ፊት ለፊት አንዲት ብጫ መብራት በራች። ቀጥሎ ጉልበት አነሳት። ቀጥሎ ጸጥ አለች። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ለምን እንደከፈትኩት ግን እኔም አላውቅም። የድሮ ሰው ኮፈን ሲከፍት ካንዴላውን፣ ቺንጊያውን፣ ካርቡራተሩን ያይ ነበር። እኔ ያየሁት የፋብሪካው አርማ የተለጠፈበት የፕላስቲክ ክዳን ነው።

ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጣሁና ወደ ሸጠልኝ ድርጅት ደወልኩ። ስሙን አልጠራውም፤ ጉዳዩ የአንድ ድርጅት አይደለምና። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ናት።

«ምንም አይደል ጌታዬ፣ መኪናዎ ዋስትና ላይ ናት። ወደ ጋራዣችን ያምጡልን።»

«እንዴት አድርጌ? ቆማለች እኮ!»

«በክሬን ማስጫን ይችላሉ።»

«ያለሁት አምደወርቅ ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። «አምደወርቅ… በየት በኩል ነው?»

«ዋግ ኽምራ።»

«እሺ። ግን ሌላ ጋራዥ እንዳያስነኩ። ዋስትናዎ ይሰረዛል።»

ከኮረብታው ስወርድ አንድ ሽማግሌ በቅሏቸውን እየሳቡ ደረሱ። መኪናዋን አንዴ ዞሯት።

«አሮጌ ናት?»

«አይ አባቴ፣ አዲስ ናት።»

«አዲስ ሆና ነው የቆመች?»

አፈርኩ። «ግድ የለም፣ ዋስትና አላት» አልኩ።

«ዋሷ ማን ነው?»

«የሸጠልኝ ድርጅት ነዋ።»

«የት ነው ያለ?»

«አዲስ አበባ።»

«አይ የኔ ልጅ! እኔ ይችን በቅሎ ስገዛ ‹ዋስ ጥራ› ብየ ነው የገዛኋት። ዋሷ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ቤቱን አውቀዋለሁ። ነገር ቢመጣባት ሌሊትም ቢሆን ሄጄ በሩን እመታለሁ። በሩን የማትመታው ሰው እንዴት ዋስ ይሆንሃል?»

እሳቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። «ዋስትና» የሚለውን ቃል ስንት ወረቀት ላይ አንብቤው ኖሯል፤ በውስጡ «ዋስ» የሚባል ሰው እንዳለ ልብ ያልኩት ግን ያን ቀን ነው። እስኪ የመኪና ታሪካችንን በሽማግሌው ጥያቄ በኩል እንየው። ዋሱ ማን ነበር?

ድሮ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ባቡር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ለአፄ ምኒልክ፣ ዛሬ ዳምጠው የምንለውን ዓይነት፣ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ሲያስመጣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ነው ያላት። መኪና የተባለችው ራሷ የመጣችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ በበረሃ አሳብሮ አዲስ አበባ አስገባ። በዚያ መንገድ ላይ ጋራዥ የለ፣ ማደያ የለ፣ መንገዱም ራሱ የለ። ሰውየው ግን ሞኝ አልነበረም፤ ዌልስ የሚባል መካኒክ ይዞ ነበር የመጣው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የመጀመሪያዋ መኪናችን የገባችው ከነዋሷ ነው። ስትታመም የሚያክማት ሰው አጠገቧ ነበር።

ቀጥሎ በብዛት መኪና ያመጣብን ጠላት ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. የወረረን በእግሩ ብቻ አይደለም። ማይጨው ላይ በተዋጋን ማግሥት የስታራቼ ጦር በካሚዮን ተጭኖ ጎንደር ገብቷል። በአምስት ዓመቱ ወረራ ጣሊያን ከአሥመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚያደርሰውን መንገድ ሠራ። መንገዱ በኮረም ሲያልፍ ሰቆጣና አምደወርቅ በስተምዕራብ ከተራራው ጀርባ ቀሩ። መኪና ሲመጣም ሲሄድም ዋግ ዳር ላይ የቆመው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

ጣሊያን ካሚዮኑን ሲያመጣ መካኒኩን፣ መፍቻውንና መለዋወጫውን አብሮ አምጥቷል። ለእኛ ብሎ አይደለም፤ ጦሩ እንዳይቆምበት ነው። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከሀገር ሲወጣ ቋንቋው ከጋራዥ አልወጣም። ማመን ያቃተው ሰው እስኪ ወደ ጋራዥ ጎራ ይበል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ… ሁሉም የጣሊያን ነው። የሀገሬው ልጅ ሮም ሄዶ አልተማረውም። በካሚዮን ሆድ ሥር ተኝቶ፣ ለጣሊያኑ መፍቻ እያቀበለ፣ አንዳንዴም እየተሰደበ ነው የተማረው። ከነፃነት በኋላም ሳይሄዱ የቀሩ ጣሊያኖች ጋራዥ ከፍተው ብዙ የእኛን ልጆች ለሙያ አብቅተዋል። በዚያው ሰሞን የተከፈተው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤትም አለ። አብዛኛው መካኒካችን ግን የወጣው «ረዳት» ከሚባለው ዩኒቨርሲቲ ነው። ረዳት ዳገት ላይ ታኮ ያደርጋል፣ ጎማ ይለጥፋል፣ ሌሊት መኪናው ላይ ይተኛል። ዓመታት ሲቆጠሩ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ በሽታውን ይናገራል።

ፊያት 634ን «ትሬንታ ኳትሮ»፣ በኋላ የመጣውን ፊያት 682 ኤን 3ን ደግሞ «ኤንትሬ» ብለው የጠሩት እነዚሁ ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው። ኤንትሬ ዳገት ላይ ቢቆም ማንም «ወደ ፋብሪካው ውሰዱት» አይልም። ረዳቱ ይፈታዋል፤ የጎደለውን ሶማሌ ተራ ገብቶ ከሌላ ከሞተ መኪና ያመጣል፤ ካጣም ቀጥቅጦ ያበጀዋል። ያኔ ወረቀት ላይ የተጻፈ ዋስትና አልነበረም። ዋስ ግን ነበረ። በየመንገዱ ነበረ።

መኪና ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ዋግ በደንብ ያውቃል። በ1977ቱ ድርቅ የዋግ ሰው ልጁን አዝሎ በእግሩ ወደ ኮረም ሲሄድ፣ አሰብ ወደብ ላይ የእርዳታ እህል ተከምሮ ነበር። የጎደለው አንዱ ነገር የሚያደርሰው የጭነት መኪና ነው። የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አውሮፕላኖች እህል ከሰማይ እስከ መጣል የደረሱት መሬት ላይ መንገዱም መኪናውም ስላልተገኘ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው የመኪና መቆም የሥራ ሰዓት ማርፈድ ሊሆን ይችላል። ለዚህ አገር ሰው ግን የነፍስ ጉዳይ ነው።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ጉድለታቸውን በኮምፒዩተር የሚናገሩበት አንድ ወጥ መሰኪያ እንዲኖራቸው አዘዘች፤ ሌላውም ዓለም ተከተለ። ለአየሩም ለሞተሩም ደግ ነገር ነበር። ነገር ግን መኪናዋ በሽታዋን የምትነግረው መሣሪያውን ለያዘ ብቻ ሆነ። ድምፅ ሰምቶ ያክም የነበረው የረዳት ልጅ ከመኪናው ጋር ቋንቋ ተለያየ።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ አንድ የአምደወርቅ ወጣት በሞተር ሳይክል መጣ። አይሱዙ ይጠግናል አሉ። ኮፈኑን ከፍቶ አየና፣

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና ኮምፒዩተር ነው የምትፈልግ። እኔ ያለኝ እጅ ነው። ግን ልሞክራት?» አለኝ።

«ተው ወንድሜ፣ ዋስትናው ይሰረዛል» አልኩት። ሳቀና ሄደ።

በማግሥቱ ማለዳ መኪናዬ ውስጥ እንደተኛሁ የሰው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። አራት ጎልማሶች ቃሬዛ ተሸክመዋል፤ ሌሎች ለመቀያየር ይከተሏቸዋል። ቃሬዛው ላይ ያለችው ምጥ የጠናባት ሴት ናት። አምቡላንስ ተደውሎለት ሌላ ወላድ ሊያመጣ ሩቅ ቀበሌ ሄዷል። አንደኛው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «መኪናዋ ትሄዳለች?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። እርስ በርስ በአገውኛ አንድ ነገር ተባባሉና ቃሬዛውን አንስተው ሄዱ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጁን አስጠራሁት። ገመዶቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየዳሰሰ ሄደ፤ አንዲት የሽቦ መገናኛ በጠጠሩ ንቅናቄ ላልታ አገኛት። በቤንዚን አጠባት፣ አጠበቃት፣ በላስቲክ አሰራት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። መኪናዋ ተነሳች። ወደ ከተማው እየበረርኩ ቃሬዛውን ተከተልኩ፤ አልደረስኩባቸውም። ጤና ጣቢያ ገብተዋል። እናትየዋ ተርፋለች። ሕፃኑ አልተረፈም። ያየኋቸው ባለሙያ «ቀድማ ብትደርስም ያው ይሆን ነበር ይሆናል» አሉኝ። ይሆናል። እኔ ግን ማታ ላይ «ተው» ያልኩትን አልረሳውም። የማላገኘውን ዋስ አክብሬ አጠገቤ የቆመውን ዋስ መለስኩት።

አዲስ አበባ ስመለስ ድርጅቱ መኪናዋን መረመረና፣ «ሌላ እጅ ነክቷታል፤ ዋስትናዎ ተሰርዟል» አለኝ። የነካት እጅ የፈረመ ይመስል በላስቲኩ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ሕግ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ለሸማቹ ቆሟል። ሕጉ ግን ክሬን የለውም። ለአንዲት ላላ ለምትል ሽቦ ስንት ቀን ሥራ ፈትቶ የሚሟገት ማን ነው? ከአምደወርቅ ቢሆንማ የውሎ አበሉ ከሽቦው ይበልጣል።

አምራቹ ራሱ «አጥፍቻለሁ» ሲልም ድምፁ እኛ ጋ ሲደርስ ይሰልላል። የጃፓኑ ታካታ ኩባንያ የሠራቸው የአየር ከረጢቶች ሲፈነዱ የብረት ስባሪ እየረጩ ሰው በመግደላቸው በዓለም ዙሪያ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ ከረጢቶች በነፃ እንዲቀየሩ ተጠርቷል። በአሜሪካ ብቻ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በጥሪው ውስጥ በእኛ ከተማ የሞሉት ያሪስና ኮሮላም ነበሩበት። ታዲያ ጥሪው የሚሄደው አምራቹ መዝገብ ላይ ላለው ባለቤት ነው። መኪናዋ ከአውሮፓ ዱባይ፣ ከዱባይ አዲስ አበባ እየተሸጠች ስትመጣ ደብዳቤው የት ይፈልጋት? ሁለተኛ እጅ የምንገዛ ሰዎች መኪናውን እንጂ ዋሱን አብረን አንገዛም።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ላይ ነን። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ወስኖ የኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ተጀምሯል። በነገሩ ላይ ክርክር የለኝም፤ ነዳጅ በዶላር ለምትገዛ ሀገር ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ፍሪሲዮንና ካንዴላ የሌላት፣ ባትሪዋን ያልሠለጠነ ሰው ቢነካው ሊገድለው የሚችል መኪና ዳገት ላይ ስትቆም ሞተር ሳይክል ይዞ የሚደርሰው ልጅ ምን ያድርግ? በዚህኛው እጁ ብቻ አይበቃም። ስለዚህ ሻጩ መኪናውን ሲያስገባ መመርመሪያ መሣሪያውን፣ መለዋወጫውንና የጥገና መጽሐፉን አብሮ ያስገባ። በየዞኑ ላሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይስጥ፤ የእኛንም ልጆች ያሠልጥን፤ የሠለጠነ ልጅ የነካት መኪና ዋስትናዋ አይሰረዝ። ቤንትሌይ ከ100 ዓመት በፊት ለአንዲት መኪና ያደረገውን የዛሬ አስመጪ ለሺህ መኪና ማድረግ አያቅተውም።

የአምደወርቁ ወጣት ለሠራበት የጠየቀኝ የሁለት ሰው ምሳ የማይሞላ ገንዘብ ነው። ልጨምርለት ስል እምቢ አለ። ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝና፣ «ጋሼ፣ እንደገና ካስቸገረችህ ደውል፤ ካለህበት እመጣለሁ» አለኝ።

ያ ወረቀት አልነበረውም፤ ማኅተምም የለበትም። ሽማግሌው ቢሰሙት ግን ዋስ የሚሉት እሱን ነው።